አንድ መንገድ ወደ ኋላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር?» ይለኛል። ስንት ዓመት አንድ ገበታ ላይ አብረውኝ የበሉ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉኝ። «የምርጫ ክልል ካርታ እስል ነበር» ስላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ወሬ ይቀይራሉ። አልፈርድባቸውም። የሐኪም ሥራ በመርፌው፣ የሾፌር ሥራ በመሪው ይታወቃል፤ የእኔ ሥራ ግን ትዝ የሚለው ሲበላሽ ብቻ ነው። ሰው በየትኛው ተመራጭ ሥር እንደሚኖር የሚጠይቀው የመንገዱ መብራት የጠፋ ዕለት ነው።

እንግዲያው አንድ ጊዜ ልጻፈውና ከጥያቄው ልገላገል። ደግሞም ወድጄው የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ማውራቱ ራሱ ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ግን ንድፌን የሚጠይቅ አልነበረም፤ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ሆሊውድ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነው። ጠባብ ግቢ ነበር። አንዱን መኪና ለማስወጣት ሦስቱን ማንቀሳቀስ ግድ ይላል፤ እነዚያን ሦስት የት ታቆማቸዋለህ? ይህን ሥራ ዛሬም አልንቀውም፤ በኋላ የገባሁበት ሙያ ከዚህ ብዙም አይለይም።

አንድ ቀን ለባልደረቦቼ እንዲቀላቸው የግቢውን ንድፍ ካርቶን ላይ ስዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊት ካርቶኑን ትኩር ብለው አዩና «ይህን የሳለው ማን ነው?» አሉ። ጥፋት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ስማቸው ሚስ ዶሎረስ ነው። ሎንግ ቢች ባለች ትንሽ መሥሪያ ቤት ለከተሞችና ለትምህርት ቤት ቦርዶች የምርጫ ክልል ካርታ የሚሠራውን ክፍል ይመሩ ነበር። በሳምንቱ ቀጠሩኝ። ደመወዙ ፓርኪንጉ ላይ ከነቲፑ ከማገኘው እምብዛም አይበልጥም፤ ግን ወንበር ነበረው፤ ኢንሹራንስም ነበረው። በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ «ሚስ» የምትለውን ቃል እንደ አንቱታ ያዝኳት፤ እስከ ዛሬም አልጣልኳትም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሕዝብ በተቆጠረ ቁጥር አንዱ ሰፈር በዝቶ፣ ሌላው ሳስቶ ይገኛል። እያንዳንዱ ተመራጭ የሚወክለው ሰው ግን ተቀራራቢ መሆን አለበት። ስለዚህ ድንበሩ እንደገና ይሳላል። የምናነሳውና የምናስቀምጠው ትንሹ ነገር ብሎክ ይባላል፤ በመንገዶች መካከል የታጠሩ ቤቶች ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር ያውቃል። አንዱን ብሎክ ወደዚህ ስትስበው ያኛው ይጎድላል፤ ያኛውን ለመሙላት ከጎረቤቱ ትወስዳለህ፤ እንዲህ እያልክ ስትሄድ የከተማው ዳርቻ ድረስ ትደርሳለህ። አጭር ጋቢ ነው፤ እግር ሲሸፈን ራስ ይበርደዋል።

ሚስ ዶሎረስ ከጠረጴዛቸው ሥር ሁልጊዜ አንድ የእግር ጉዞ ጫማ ነበራቸው። ኮምፒውተር ከመክፈታችን በፊት «ሲሳይ፣ ጫማ!» ይሉኛል። እንሄዳለን። ድንበር ሊያልፍበት የታሰበውን መንገድ በሁለቱም በኩል እንራመዳለን። በየደጁ የሚያገኙትን ሰው ስለ ፖለቲካ አንዳች ነገር አይጠይቁም። «ዳቦ ሲያልቅባችሁ የት ትሄዳላችሁ? አገር ለቃችሁ ስትወጡ የቤታችሁን ቁልፍ ለማን ትሰጣላችሁ?» ይላሉ። ቁልፍ የሚሰጣጡ ሰዎችን ለሁለት ተመራጭ መክፈል ለእሳቸው ነውር ነበር።

አንድ ጊዜ ለአንድ ትምህርት ቤት ቦርድ ካርታ ስንሠራ ድንበሩን በደረቀ የውሃ ቦይ ላይ አሳለፍኩት። አጥር ያለው፣ ድልድይ የሌለው ቦይ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ድንበር ከየት ይመጣል? እሳቸው ሄደው አዩና አጥሩ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አገኙ። ዳርና ዳሩ ከመነካካት ብዛት የተላገ ነበር። የሁለቱ ወገን ልጆች በዚያ ቀዳዳ እየሾለኩ ጠዋት ማታ አብረው ይውላሉ። ድንበሩ ተነሣ።

ጥፋት ሲያገኙ አይቆጡም። ምሳቸው ሁልጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ነበር፤ ያልጣማቸው መስመር ላይ የእንቁላሉን ቅርፊት ቁራጭ አስቀምጠው ይሄዳሉ። እኔ ከምሳ ስመለስ ካርታዬን በዓይኔ እቃኛለሁ፤ ቅርፊት ካለበት ዝም ብዬ ጫማዬን አጠልቃለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ቅርፊቱ የሚበዛው ሱቅ ባለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ላይ ነበር። ብሎኮቹ የሚያልቁት እዚያ ስለሆነ ኮምፒውተር ሰፊ መንገድ ይወዳል፤ መሐል ለመሐል መሰንጠቅ ይቀናዋል። ሚስ ዶሎረስ ደግሞ «ሰው የሚገናኘው እኮ እዚያው ሰፊ መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። «ገበያ መሐል አትለፍ። አንድ መንገድ ወደ ኋላ!»

ያስተማሩኝ ሌላው ሕግ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ካርታ የሚስል ሰው ለማንም ወገን ምን ብሎ እንደሚናገር አይመክርም። ሕዝቡ ይናገራል፣ ኮሚሽኑ ይወስናል፣ እኛ እንስላለን። ድሮ ድንበሩን የሚወስኑት ተመራጮቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ዳቦውን የሚቆርሰውና ትልቁን ቁራሽ የሚወስደው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። ያ ቀርቶ ተራ ዜጎች የሚቀመጡበት ኮሚሽን ሲመጣ እኛም እጃችንን ንጹሕ አድርገን መያዝ ነበረብን። ሕጉ ልክ ነበር። አሁንም ልክ ነው እላለሁ።

ሚስ ዶሎረስ ጡረታ ሲወጡ ክሬግ የሚባል አለቃ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ካሮት ሲቆረጥም የሚውል፣ ጣቱ ፈጣን፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው ነው። ጫማ ግን አያስነሣም። በእሱ ዘመን ነው የሕዝብ ቆጠራው ውጤት መጥቶ ፌርፋክስን የሚነካው ካርታ እጄ ላይ የወደቀው።

ስለ ፌርፋክስ አንድ ነገር ልናገር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች የእኛ ናቸው፤ የምናድረው ግን ሌላ ቦታ ነው። እትዬ ወይንሸት የቅመማ ቅመም ሱቃቸው ከመንገዱ በስተምዕራብ፣ ቤታቸው ሎንግ ቢች። ጋሼ ታደለ ውሏቸው ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቤታቸው ባልድዊን ሂልስ። ሰዉ የዕቃ ከረጢቱን እንደያዘ መኪና እየሸሸ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል። እትዬ ወይንሸት መሐሉ ላይ የእግረኛ ማቋረጫና መብራት እንዲተከል መጠየቅ ከጀመሩ ቆይተው ነበር፤ የዚያን ጊዜው ተመራጭ ቢሮም ሊሠራላቸው ተቃርቦ ነበር።

ኮሚሽኑ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ከፊት ለፊት፣ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጫለሁ። ከኋላ በሩ ተከፈተና የእኛ ሰዎች ነጫጭ ለብሰው ገቡ፤ አዳራሹ ሞላ። ልቤም አብሮ ሞላ። እያንዳንዳቸው የመናገሪያ ካርድ ሞሉ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው።

በእኛ ደንብ መጀመሪያ የሚናገር ታላቅ ነው። ጋሼ ታደለ ድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ በእድራችን ውስጥ እሳቸው ተነሥተው ሲናገሩ ሹክሹክታ እንኳ አይሰማም። ተነሡ። ለሊቀ መንበሯ ምስጋና፣ ለአገሩ ምርቃት፣ ከዚያ መንገዱ ምን እንደነበረና ማን እንዳቀናው፣ ከዚያ መብራቱ። ሰዓት መቁጠሪያው ጮኸ፤ ሊቀ መንበሯ አክብራቸው እጇን ዘርግታ «ይቀጥሉ» አለች። የሚያምር ንግግር ነበር። የእኛም ሰው አጨበጨበ፣ የእነሱም ሰው አጨበጨበ።

ቀጥሎ እትዬ ወይንሸት ተጠሩ። ተነሡና ወደ ጋሼ ታደለ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ «ጋሼ ታደለ ጨርሰውታል» ብለው ተቀመጡ። አስተርጓሚው «የምጨምረው የለኝም ይላሉ» አለ። የፀጉር ቤቱ ሰውዬ ተጠራ። «ጨርሰውታል።» የሬስቶራንቷ ባለቤት ተጠራች። «ጨርሰውታል።» ሁሉም እንዲሁ፣ እስከ መጨረሻው። ታላቅ ሰው ያለውን መድገም የታላቁን ቃል ማጉደል ነዋ! እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ከዚያ ከፌርፋክስ በስተምዕራብ ካለው ሰፈር የመጡት ነዋሪዎች ተራ ደረሰ። አንዷ ስለ ውሻዋ፣ አንዱ ከቤቱ ፊት ስላለው ዛፍ፣ ሌላው ልጁ ስለምትሄድበት ትምህርት ቤት ተናገረ። ሁሉም የየራሱን ነው። ክሬግ ከጎኔ ሆኖ የተናገሩትን ይመዘግባል። ምዝገባው ሲያልቅ የነሱ ሰፈር ገጽ ሞልቷል፤ የእኛ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንድ አስተያየት ብቻ ሆኗል። ተነሥቼ «ወገኖቼ፣ እዚህ የሚቆጠረው የየራሳችሁ ቃል ነው!» ማለት ፈለግሁ። አልተነሣሁም፤ ሕጉ ያዘኝ።

ካርታው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ አንደኛው ክልል ሰው ጎደለው፤ መስመሩ መነሣት ነበረበት። የምዕራቡ ሰፈር እንዳይነካ ብዙ ሰው ተሟግቷል፤ ለፌርፋክስ የተሟገተው አንድ ሽማግሌ ነው። መንገዱ ዳር የሚያድር ሰው ደግሞ በቁጥሩ ላይ እምብዛም የለም። ኮሚሽኑ በመንገዱ መሐል እንዲያልፍ ወሰነ። ብሎኮቹን ያነሣሁት በራሴ ጣት ነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም።

ለሚስ ዶሎረስ ደወልኩላቸው። በነጋታው ያን አሮጌ ጫማቸውን አድርገው ፌርፋክስ መጡ። አብረን በምሥራቁ ዳር ወጥተን በምዕራቡ ዳር ወረድን። እትዬ ወይንሸት በሱቃቸው በር ላይ ቆመው ከማዶ ካለው ፀጉር ቤት ጋር እየተጯጯሁ ያወሩ ነበር። ሚስ ዶሎረስ ቆመው አዳመጧቸው፤ አንድ ቃል አልገባቸውም፤ ግን ፈገግ አሉ። ሲሄዱ «ካርታ እንደገና ይከፈታል ሲሳይ» አሉኝ። «ያኔ አንተ ወንበሩ ላይ ላትሆን ትችላለህ።» የማጽናኛ ንግግር ብቻ መስሎኝ ነበር።

የእትዬ ወይንሸት መብራት እዚያው ቀረ። አንደኛው ቢሮ «ማዶው የእኛ አይደለም» ይላል፤ ሌላኛው «የማዶውን ጠይቁ» ይላል። መንገዱ ከእነ መኪናው እንደዚያው ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ወይንሸት ኮረሪማ ለደንበኛ ሊያደርሱ ሲሻገሩ መኪና ገጫቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ፤ ዳሌያቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ከሱቁ በር ላይ ሆነው መንገዱን ሲያዩት አያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ጋሼ ታደለን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ለምን እንደተሸነፍን የሚያውቅም አልነበረም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ሕዝብ ዳግም ተቆጠረና ካርታው እንደገና ተከፈተ። ሚስ ዶሎረስ ያሉኝ ነገር ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወንበሩ ላይ አይደለሁም፤ ሕጉ አይዘኝም፤ አፌ ተፈትቷል!

ግን ለማን ነው የምናገረው? ለእድሩ «የየራሳችሁን ተናገሩ» ብላቸው ከጋሼ ታደለ በፊት የሚናገር አይገኝም፤ ከጋሼ ታደለ በኋላ የሚጨምር አይገኝም። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነበር። ሄጄ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ዘጠናን እየተጠጉ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤንዚን ዋጋ አወራን። መቼም ለታላቅ ሰው «በእርስዎ ንግግር ተሸነፍን» ማለት ከተራራ ላይ ራስን ከመወርወር አይተናነስም።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የተናገሩት ንግግር…»

«አስታወስከው?»

«አልረሳውም። እጅግ ያምር ነበር። ግን ጋሼ፣ እነሱ የሚቆጥሩት የተናገረውን ሰው ብዛት ነው። ሌላው ሁሉ ጨርሰውታል ብሎ ሲቀመጥ እንዳልተናገረ ተቆጠረ። አንድ ሰው ብቻ ሆንን።»

አንድ ከረጢት የያዘች ልጅ ከማዶ እየሮጠች ስትሻገር በዓይናቸው ተከተሏት።

«ወይንሸት ታውቃለች?»

«አያውቁም።»

«ይህን ይዘህ ነው ስንት ዓመት ዝም ያልከው?»

«ሥራዬ ነበር ጋሼ። ማለት አልችልም ነበር።»

ኮፍያቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ እኔ ለሁላቸውም የተናገርኩ መስሎኝ» አሉ። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጡም። እትዬ ወይንሸት «ጋሼን ምን አልካቸው? ኦኬ አይደሉም እንዴ?» እያሉ ወጥረው ያዙኝ። ክፉ ነገር የሠራሁ መሰለኝ፤ እንቅልፍ ነሣኝ።

የአስተያየቱ ቅዳሜ ደረሰ። እኔ አሁን እንደ ማንም ሰው ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ታደለ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው ገቡ፤ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ሰዉ ሁሉ ተንፈስ አለ። ካርድ የምታድለው ልጅ መጥታ ካርድ ዘረጋችላቸው። ሳይሞሉ መለሱላት።

መጀመሪያ የተጠሩት እትዬ ወይንሸት ናቸው። በምርኩዛቸው ተነሥተው እንደ ልማዳቸው ወደ ጋሼ ታደለ ዞሩ፤ «እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» ማለታቸው ነው። ጋሼ ታደለ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው መጥረግ ጀመሩ። ቀና አላሉም። እትዬ ወይንሸት ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ መነጽሩ ተጠርጎ አያልቅም። የቸገራቸው እትዬ ወይንሸት ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ።

«እኔ…» አሉ። «እኔ የማድረው ሎንግ ቢች ነው። የምኖረው ግን እዚህ ፌርፋክስ ነው። ጠዋት የምከፍተው፣ ሰው የሚለኝ፣ ስታመም የሚፈልገኝ እዚህ ነው። ሶ፣ በማደሪያዬ ብትቆጥሩኝ አታገኙኝም። መኪና የገጨኝም እዚሁ ነው። አንድ እግሬ በአንዱ ተመራጭ፣ አንድ እግሬ በሌላው ሆኖ ነው የወደቅሁት። ሁለቱም አላነሡኝም። ያነሣኝ የፀጉር ቤቱ ልጅ ነው፤ ከማዶ ሮጦ መጥቶ።» ከዚያ ምን እንደሚሉ ጠፋቸውና «ይኸው ነው» ብለው ተቀመጡ።

የፀጉር ቤቱ ሰውዬ የእትዬ ወይንሸት የሱቅ ቁልፍ እሱ ጋ እንደሚያድር ተናገረ። የሬስቶራንቷ ባለቤት በርበሬ ሲያልቅባት ከማዶ እንደምታመጣ፣ የመኪና ማቆሚያው ሰውዬ ለሁለቱም ዳር ደንበኞች ፓርክ እንደሚያደርግ ተናገሩ። መሐል ላይ አንድ ታክሲ ነጂ «እኔም እንደ እትዬ ወይንሸት…» ሲል ከፊተኛው ረድፍ ጋሼ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ አዳራሽ የተሰማ ትልቁ ድምፅ እሱ ነበር። ታክሲ ነጂው ክው ብሎ የራሱን ፈለገ፤ አገኘም።

ሊቀ መንበሯ መጨረሻ ላይ ጋሼ ታደለን አይታ «እርስዎስ ጌታዬ? ሰዓት አለን» አለቻቸው። አዳራሹ ሁሉ ወደሳቸው ዞረ። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው «የለም» አሉ።

መስመሩ አንድ መንገድ ወደ ኋላ ሄደ። የፌርፋክስ ሁለቱ ዳር በአንድ ተመራጭ ሥር ገባ። አዲሱን ካርታ ለሚስ ዶሎረስ በፖስታ ላክሁላቸው፤ «ቅርፊት የለበትም» የሚል አንድ መስመር ጽፈው መለሱልኝ። መብራቱም ጊዜ ወሰደ እንጂ ተተክሏል። እትዬ ወይንሸት ምንም ሥራ ሳይኖራቸው ተሻግረው ይመለሳሉ፤ የመብራቱን ቁልፍ ተጭነው መኪናው ሁሉ ሲቆምላቸው ማየት ይወዳሉ።

ያን ቅዳሜ ጋሼ ታደለን ወደ ቤታቸው ድራይቭ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ባልድዊን ሂልስ ወጥተን ከቤታቸው በር ላይ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ፀሐይዋ ገና ነበረች፤ ከተማው ከሥራችን ተዘርግቷል። አልወረዱም። ከኮታቸው ኪስ አንዳች ነገር የሚያወጡ መስሎኝ ነበር፤ ግን ክራቫታቸውን ብቻ አስተካከሉ።

«ክብርት ሊቀ መንበር» ብለው ጀመሩ።

ሁሉንም ተናገሩት። ምስጋናውን፣ ምርቃቱን፣ መንገዱን ማን እንዳቀናው፣ የእትዬ ወይንሸትን ዳሌ፣ እየሮጠች የተሻገረችውን ልጅ። ከፊተኛው ንግግራቸው ይህ ይበልጣል፤ ባልመጡባቸው ሳምንታት ሲያዘጋጁት ነበር ለካ። እኔም እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ ሳላቋርጥ አዳመጥኩ። ሰዓት የሚቆጥር አልነበረም።

ሲያበቁ በረጅሙ ተነፈሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚጨመር ነገር አለ?»

«የለም ጋሼ» አልኳቸው። «ጨርሰውታል።»